የወኪል ውልና «ሌላ አትያዝ» የሚለው አንቀጽ

ይህን የኢንተርኔት ውይይት ክር የከፈተው ደሴ ፒያሳ ላይ ስልክ፣ ካርድና የስልክ ዕቃ ከሚሸጡት አንዱ ነው። ጥያቄው ዙሪያ ጥምጥም የለውም፦ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ወኪሎቹን በሚያስፈርመው ውል ላይ የሌላ ተመሳሳይ ድርጅት ውክልና መያዝ ክልክል ነው ብሎ ቢጽፍ ሕጉ ይደግፈዋል ወይ? የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ደግ አደረገ። ስም ቢጠራ ኖሮ ክሩ ገና ሦስተኛው ምላሽ ላይ ሳይደርስ ወደ ስድብ ይገባ ነበር። ጣጣ ያመጣው ከጥያቄው ሥር የጨመረው ነገር ነው። ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በሙሉ፣ አሜሪካ ማይክሮሶፍትን ለሁለት እንደሰነጠቀችው፣ ይሰንጠቁ ይላል። (የውጭ አገር ጉዳዮችን ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የእኛን አዋጆች ደግሞ በእኛው ነው የማስቀምጠው።)

1ኛው ምላሽ ሰላምታውን እንደ ወሎ ሰው አስረዝሞ ከጨረሰ በኋላ ወደ አዋጅ 813/2006 ይገባል። ትልቅ መሆን ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀም ነው ይላል። የበላይነት የሚለካውም በአቅም ነው፦ ድርጅቱ ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ ዋጋን ወይም ሌሎች የግብይት ሁኔታዎችን መቆጣጠር፣ አለዚያም ውድድርን ማጥፋት ይችላል ወይ? ከዚያ ጠያቂው ያላሰበውን ሁለተኛ በር ያሳየዋል። አዋጁ የበላይ የሆነውን ድርጅት ብቻ ሳይሆን ስምምነትንም ይመለከታል። ተፎካካሪዎች ተጠራርተው ዋጋ ቢወስኑ ያለ ሌላ ምዘና ጥፋት ነው፤ አቅራቢና ሱቅ የሚፈራረሙት ውል ግን የሚመዘነው በውጤቱ ነው፣ የሚያስገኘው ጥቅም ከጉዳቱ ይበልጣል ብሎ መከራከርም ይቻላል። ስለዚህ አንቀጹ መኖሩ ብቻ አያስቀጣም፤ ገበያውን ምን ያህል እንደዘጋ መታየት አለበት።

እዚያው ላይ የየትኛውን ቢሮ በር እንደሚያንኳኩም ይጠቁማል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት ራሱን ችሎ መቆሙ ቀርቷል። በአዋጅ 1263/2014 ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገብቷል። የቴሌኮም ውድድር በአዋጅ 1148/2011 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥር ነው፤ የክፍያ አገልግሎት ፈቃድና መመሪያ ደግሞ ከብሔራዊ ባንክ ይወጣል። የሞባይል ገንዘብ ጉዳይ ሦስቱንም ይነካል፤ አቤቱታዎች ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ የሚከርሙትም በዚህ ነው። ምክሩ፦ ውሉን መጀመሪያ ከብሔራዊ ባንክ የወኪል መመሪያ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ፣ ወደ አዋጁ መሄድ ከዚያ በኋላ።

2ኛው ማይክሮሶፍትን ያርማል፣ በትሕትና። ኩባንያው ለሁለት አልተከፈለም። ክሱ የተመሠረተው ግንቦት 1998 ነው። ዳኛ ጃክሰን ሰኔ 2000 ላይ ይከፈል ብለው ወሰኑ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት ሰኔ 2001 ላይ መክፈሉን ሻረ፣ የሞኖፖሊውን ጥፋት ግን አጸና። መንግሥትም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተስማማ። የቀረው ፍሬ ታዲያ ምንድን ነው? ኮምፒውተር አምራቾች የሌላ ድርጅት ሶፍትዌር ስለጫኑ እንዳይቀጡ፣ ማይክሮሶፍትም ሌሎች ፕሮግራሞች ከዊንዶውስ ጋር የሚነጋገሩባቸውን መገናኛዎች እንዲገልጥ። እዚህ ላይ ምላሽ ሰጪው ጥሩ ነገር ይላል፤ የክሱ እምብርት አምራቾቹ የፈረሙት ውል ነበር፣ ኔትስኬፕ የተባለውን የኢንተርኔት አሳሽ ከመደርደሪያ ያወረደው እሱ ነው። የጠያቂው አንቀጽም የዚያው ዘር ነው ይላል።

3ኛው ቁጡ ነው። ደሴ ውስጥ ዊንዶውስ ገዝቶ የጫነ ማን አለና ነው ማይክሮሶፍት የሚወራው ብሎ ያፌዛል። ቀልዱ ብዙ ሰው ወዶለታል፤ ነገር ግን ሳያስበው ወደ ቁም ነገር ገብቷል። የተቀዳ ዊንዶውስም ቢሆን የተጠቃሚውን ቁጥር ያበዛል፤ ተጠቃሚ ሲበዛ ፕሮግራም ሠሪው ለዚያ ሥርዓት ይሠራል፤ ፕሮግራም ሲበዛ ተጠቃሚው ወደ ሌላ አይሄድም። አሜሪካኖቹ ዳኞች ለተፎካካሪ የገበያ መግቢያ እንቅፋት ያሉት ይህንኑ ዑደት ነው፣ ገንዘብ ተከፈለበትም አልተከፈለበትም።

ክሩ ወደ ራሱ ጉዳይ የተመለሰው በ4ኛው ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ነው። ኬንያን ያነሣል። በ2014 የአገሪቱ የውድድር ባለሥልጣን፣ ተፎካካሪው የስልክ ኩባንያ ኤርቴል ባቀረበው አቤቱታ መነሻነት፣ የሳፋሪኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የኤምፔሳ ወኪሎች ለሌላም ድርጅት መሥራት እንዲችሉ አደረገ። ከአንዱ ድርጅት ቦርሳ ወደ ሌላው በቀጥታ ገንዘብ መላክ የተጀመረው ግን በ2018 ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ዓመታት አንቀጽ መሰረዝ ብቻውን ገበያ እንደማይከፍት ያሳያሉ ይልና ምክንያቱን እስከ መሳቢያው ድረስ ወርዶ ያስረዳል።

አንድ ወኪል 80,000 ብር ካፒታል አለው እንበል፦ 40,000 ጥሬ ብር በመሳቢያ፣ 40,000 ደግሞ በስልኩ ላይ ያለ፣ ወኪሎች ፍሎት የሚሉት። ደንበኛ ብር ሲያስገባ ፍሎቱ ይቀንሳል፣ መሳቢያው ይሞላል፤ ሲያወጣ ተቃራኒው ይሆናል። ሰኞ በገበያ ቀን እህል ወይም ከብት የሸጠ ሰው ጥሬ ብር ይዞ መንገድ መግባት ስለማይፈልግ ስልኩ ላይ ያስገባል። ረፋድ ላይ ፍሎቱ ያልቃል፣ መሳቢያው በብር ይጨናነቃል። ወኪሉ ሱቁን ዘግቶ ባንክ ሄዶ ተሰልፎ ፍሎት ካልሞላ የከሰዓቱን ገበያ አያገኝም። አሁን ሁለት ውክልና ይያዝ። ጥሬው ብር ለሁለቱም ያገለግላል፣ ፍሎቱ ግን ለሁለት ተከፍሎ ለየአንዳንዱ 20,000 ይሆናል። ብዙ ደንበኛ ያለው ድርጅት ፍሎት እኩለ ቀን ሳይደርስ ያልቃል፣ የትንሹ ቁጭ ይላል። ወኪሉም ካፒታሉን ወደሚሽከረከርበት ይጎትታል። ማንም ሳይከለክለው አዲሱ ድርጅት ከሱቁ ይወጣል ማለት ነው።

መድኃኒት ያላቸው ሦስት ናቸው፦ አዲሱ ድርጅት ፍሎት በዱቤ ይስጥ፤ ብር እየሰበሰበ ፍሎት የሚያከፋፍል ዋና ወኪል በሞተር ያዙር፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከአንዱ ፍሎት ወደ ሌላው በቀጥታ መለወጥ የሚቻልበት መንገድ መክፈት ነው። ማስጠንቀቂያም አለው። አንቀጹ ሲሰረዝ ቅጣቱ በሌላ መልክ ይመጣል፦ የፍሎት ጥያቄ ይዘገያል፣ ኮሚሽን በሰዓቱ አይገባም፣ ሂሳቡ ለማጣራት ተብሎ በገበያ ቀን ይታገዳል።

5ኛው ለድርጅቱ ተከራከረ። ወኪል የሚያሠለጥን፣ ሱቅ የሚቀባ፣ የማሻሻጫ ስልክ የሚሰጥ፣ የደንበኛ መታወቂያ አመዘጋገብ የሚያስተምር ድርጅት ወጪ አለበት። ተፎካካሪው ያለ ምንም ወጪ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ነገ ማንም አያሠለጥንም። ስለዚህ ክልከላው ለወጪው ልክ ይሁን ይላል፦ በተሰጠው ስልክ ላይ የሌላ መተግበሪያ አይጫን፣ በተቀባው ግድግዳ ላይ የሌላ ማስታወቂያ አይለጠፍ፣ ክልከላውም የሥልጠናው ወጪ እስኪመለስ ለተወሰኑ ወራት ይቆይ። ሱቁን በሙሉ፣ ያለ ጊዜ ገደብ መዝጋት ግን ከወጪው ጋር አይገናኝም። ሚዛኑን የጠበቀ ክርክር ነው፤ ሕጉ ውጤትን ይመዝናል ከተባለ ደግሞ የሚመዘነው እንዲህ ያለው ነው።

6ኛው ግን አልታገሠም። 5ኛውን የድርጅቱ ተከፋይ ነህ ብሎ ወረፈው። 7ኛውን አስተናባሪው ሰርዞታል፤ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

8ኛው፣ ኢኮኖሚክስ የሚያስተምር ይመስላል፣ ጸቡን ትቶ ገበያው የቱ እንደሆነ ይጠይቃል። የተለመደውን መለኪያ ያቀርባል፦ አንድ ድርጅት ብቻውን ቢሆንና ዋጋውን ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨምሮ ቢቆይ ያተርፋል ወይስ ደንበኛው ወደ ሌላ ይሸሻል? ከሸሸ የሸሸበትም ወደ ገበያው ይጨመራል። ከሳሽ የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፤ ተከሳሹ ባንኩን፣ ጥሬ ብሩን፣ በሰው እጅ የሚላከውን ሁሉ አንድ ገበያ ያደርግና ድርሻው ያንሳል። ምላሹ፦ ክርክሩ ስለ ክፍያ በጠቅላላው ሳይሆን ብር ስለሚገባበትና ስለሚወጣበት ጠረጴዛ ነው ማለት። ቦታም አለ። ደሴ መሀል ላይ ያለ ሰው ባንክ ቢሄድም ይደርሳል፤ ከኩታበር ገጠር ቀበሌ ያለው ግን አጠገቡ ያለው ወኪል አንድ ብቻ ከሆነ ለእሱ ገበያው ያ ወኪል ነው።

ቀጥሎ ገበያው በጥቂት ድርጅቶች እጅ ምን ያህል እንደተከማቸ የሚለካውን ስሌት በምሳሌ ያሳያል። የሦስት ድርጅቶች ድርሻ 70፣ 20 እና 10 ቢሆን እያንዳንዱን በራሱ አባዝቶ መደመር ነው፤ 4,900፣ 400 እና 100፣ ድምሩ 5,400። አሜሪካኖች በ2023 የውህደት መመሪያቸው ከ1,800 በላይን በጥቂቶች እጅ እጅግ የተከማቸ ገበያ ይሉታል፤ ውህደት ቁጥሩን ከ100 በላይ ካሳደገው ይጠረጠራል። 70ው 10ሩን ቢገዛ ጭማሪው 1,400 ነው። ድርሻን በተመዘገበ ሂሳብ ቁጥር አትለኩ ብሎም ያሳስባል፦ አንድ ሰው ሦስት ሂሳብ ከፍቶ አንዱንም ላይነካው ይችላል። የሚያዋጣው በወር ውስጥ የተንቀሳቀሰ ሂሳብና የተዘዋወረ የብር መጠን ነው።

9ኛው ጎግልን ይዞ መጣ፣ የመጣው ግን ለወሬ አልነበረም። በነሐሴ 2024 አሜሪካዊው ዳኛ ሜህታ ጎግል በፍለጋ ገበያ ሞኖፖሊውን በሕገ ወጥ መንገድ እንደጠበቀ ፈረዱ። ኩባንያው ስልክና አሳሽ ላይ ቀድሞ የሚከፈተው የፍለጋ ሞተር እንዲሆን በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ ለአፕል ብቻ በ2022 20 ቢሊዮን። ማንም ሰው ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ሌላ መምረጥ ይችላል፤ አብዛኛው ሰው ግን አይነካውም፣ ገንዘቡ የተከፈለውም ለዚያ ነው። የመስከረም 2025 ውሳኔ የጎግል አሳሽ ክሮም ይሸጥ የሚለውን ጥያቄ ሳይቀበል ብቸኛ የሚያደርጉ ውሎችን ከለከለ፣ የተወሰነ የፍለጋ መረጃም ለተፎካካሪ እንዲጋራ አዘዘ፣ ክፍያውን ግን በሙሉ አልከለከለም። ደንበኛው የሚገባበትን በር መግዛት በካሊፎርኒያም በፒያሳም አንድ ነው ይላል። ስለ መጠኑ ልዩነት ግን ትንፍሽ አላለም፤ ሊልም ይገባ ነበር።

በ10ኛው አንዱ መፍትሔ አገኘሁ አለ፦ የፒያሳ፣ የአራዳና የሸዋ በር ወኪሎች ተስማምተን በአንድ ቀን አገልግሎቱን እናቁም፣ ኮሚሽኑንም አብረን እንወስን። 11ኛው ወዲያው ደነገጠበት፤ ቃሉም ለስላሳ አልነበረም። ሱቆቹ እርስ በርሳቸው ተፎካካሪ ናቸው፤ ተሰባስበው ዋጋ ቢቆርጡ አዋጁ ከሁሉ አጥብቆ የከለከለውን ራሳቸው ሠሩ፣ ከሳሽ ሊሆኑ ሄደው ተከሳሽ ይሆናሉ። በጋራ ማመልከት ይቻላል፣ መረጃ አሰባስቦ አንድ ማመልከቻ መጻፍ ይቻላል፤ በጋራ ኮሚሽን መወሰን አይቻልም። በኮምፒውተር ቢደረግም ያው ነው ብሎ አንድ ጉዳይ ይጠቅሳል፦ በ2015 አሜሪካ ውስጥ በአማዞን ላይ ፖስተር የሚሸጡ ነጋዴዎች ዋጋቸውን የሚያስተካክል ፕሮግራም ተስማምተው ስለተጠቀሙ ተከሰዋል።

12ኛው ክሩን ወደ 07 እና 09 ጎተተው። ሰው ሁለት ሲም በአንድ ስልክ ይዞ ሳለ ቁጥር ሳይቀይሩ መሸጋገር ምን ይጠቅማል አለ። ያነሣው ነጥብ ከጥያቄው ይሻላል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2021 ለፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በ2022 ሥራ ጀምሯል፤ የአንድ ድርጅት ገበያ የተከፈተው ነባሩን በመሰንጠቅ ሳይሆን ሌላ በማስገባት ነው። ሁለተኛ ሲም የመጀመሪያውን ሳይጥሉ መሞከርን ያቀላል። ከአንዱ መረብ ወደ ሌላው ሲደወል ደዋዩ መረብ ለተቀባዩ የሚከፍለው ታሪፍ ግን ከሲሙ በላይ ይወስናል። ያ ታሪፍ ከፍ ካለ ትንሹ መረብ ለሁሉም መስመር የሚሆን ርካሽ ጥቅል ማቅረብ አይችልም፣ ደንበኞቹ አብዛኛውን የሚደውሉት ወደ ትልቁ ነውና። ትልቁ በራሱ መረብ ውስጥ ብቻ ያረክሳል፤ ዘመድ ሁሉ እዚያ ስላለ ሰውም እዚያው ይቀራል።

13ኛው የአውሮፓን የዲጂታል ገበያዎች ሕግ አወደሰ። ጥፋት እስኪፈጸም አይጠብቅም፦ በአውሮፓ 7.5 ቢሊዮን ዩሮ ዓመታዊ ሽያጭ ወይም 75 ቢሊዮን ዩሮ የገበያ ዋጋ፣ በወር 45 ሚሊዮን ተጠቃሚና በዓመት 10,000 ነጋዴ ተጠቃሚ ያለውን ድርጅት በረኛ ብሎ ይሰይምና የሚችለውንና የማይችለውን አስቀድሞ ይዘረዝርለታል። በመስከረም 2023 ስድስት ኩባንያዎች ተሰይመዋል፤ ቅጣቱ እስከ ዓለም አቀፍ ሽያጩ 10 በመቶ ይደርሳል። 14ኛው ይህ ለእኛ ላም አለኝ በሰማይ ነው ብሎ ተሳለቀ። 13ኛው ተመልሶ በጎግል የግብይት ጉዳይ መለሰለት፦ ምርመራው በ2010 ተጀመረ፣ የ2.42 ቢሊዮን ዩሮ ቅጣቱ በ2017 መጣ፣ የመጨረሻው ፍርድ በ2024። አውሮፓ ያን ያህል ከፈጀባት፣ አቅሙ አነስተኛ የሆነ መሥሪያ ቤት እንደውም አጭርና ግልጽ ክልከላ ነው የሚያስፈልገው። እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ። ወኪልን ብቸኛ ማድረግ ክልክል ነው የሚል አንድ መስመር መመሪያ ከአሥር ዓመት የገበያ ትንተና ይሻላል።

አንዱ በመሀል የኢንስታግራምንና የዋትስአፕን ግዢ አነሣ፤ መልስ የሰጠው የለም።

ጠያቂው በ16ኛው ብቅ ብሎ አጠመዳቸው። አንቀጹ ቢወጣና በምትኩ ኮሚሽኑ በደረጃ ቢሆንስ? ወኪሉ በወር 100,000 ብር እስኪደርስ 1 በመቶ፣ ከደረሰ ግን ከመጀመሪያዋ ብር ጀምሮ በሙሉ 1.5 በመቶ። 17ኛው በስሌት መለሰ። ወኪሉ 90,000 ላይ ቢቆም ኮሚሽኑ 900 ብር ነው፤ 100,000 ከሞላ 1,500። የመጨረሻዋ 10,000 ብቻዋን 600 ብር ታስገኛለች፣ 6 በመቶ ማለት ነው። ተፎካካሪው ያቺን 10,000 ወደ ራሱ ለመሳብ ከ6 በመቶ በላይ መክፈል አለበት፣ ትልቁ በአማካይ የሚከፍለው ግን 1.5 ብቻ ነው። ክልከላ ሳይጻፍ ሱቁ ይዘጋል። ደረጃው ከ100,000 በላይ ላለችው ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር፤ ስለዚህ ውል ሲነበብ የሚፈለገው ወደ ኋላ ተመልሶ መቁጠሩ ነው።

ይህን መክሰስ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ ብሎ የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪውን ኢንቴልን ይጠቅሳል። በ2009 የአውሮፓ ኮሚሽን ተፎካካሪውን ኤኤምዲን ለማስወጣት ለኮምፒውተር አምራቾች ቅናሽ ሰጥቷል ብሎ 1.06 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ በ2022 ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሻረ፣ ቅናሹ እኩል ብቃት ያለውን ተፎካካሪ ማስወጣት መቻሉን የሚያሳየው ትንተና ጉድለት አለበት ብሎ። ኮሚሽኑ በ2023 እንደገና 376 ሚሊዮን የቀጣው አምራቾች የተፎካካሪን ዕቃ እንዲያዘገዩ ወይም እንዲተዉ በቀጥታ በተከፈለበት ክፍል ላይ ብቻ ነው። ግልጽ ክልከላ በማስረጃ ይያዛል፣ ቅናሽ ግን ስሌት ይጠይቃል።

18ኛው፣ ከሁሉም ደረቅ የሆነው፣ ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ጻፈ። የተፈረመው ውል ሙሉ ቅጂ ከነአባሪው፤ የኮሚሽን ደረጃው የደረሰበት አጭር መልእክት፤ ፍሎት የተጠየቀበትና የተሞላበት ሰዓት ቢያንስ ሁለተኛውን ውክልና ከመያዝ በፊትና በኋላ ያለውን የሚያነጻጽር፤ እዚያው ሰፈር ሁለተኛ ውክልና ያልያዘ ወኪል ሰዓት ጎን ለጎን። በቃል የተነገረ ክልከላ ከሆነ የዚያኑ ዕለት ለተቆጣጣሪው በጽሑፍ መላክ፦ እንዲህ ብለኸኛልና በትክክል ተረድቼህ እንደሆነ አረጋግጥልኝ ብሎ። ዝም ቢልም መልእክቱ ከነቀኑ ይቀራል። ሁለተኛውን ውክልና ከመፈረም በፊት ደግሞ ውሉ በስንት ቀን ማስታወቂያ እንደሚቋረጥና በሂሳቡ ላይ ያለ ፍሎት በምን ያህል ጊዜ በጥሬ ብር እንደሚመለስ ማየት፤ ካፒታሉ በሙሉ ታግዶ ከተያዘ ወኪሉ የሚከራከርበት ጉልበት አይኖረውም።

19ኛው ይህ ሁሉ ተደክሞ ድርጅቱ ካልተቀጣ ምን ዋጋ አለው ይላል። 18ኛው በሁለት መስመር መለሰለት፦ ማመልከቻው ቅጣት ብቻ ከጠየቀ ቅጣቱ ለመንግሥት ይገባል፣ ሱቁ እንደተዘጋ ነው። መጠየቅ ያለበት አንቀጹ እንዲሰረዝ፣ ፍሎት ለሁሉም ወኪል በእኩል ሰዓት እንዲሞላ፣ ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስም ሂሳቡ እንዳይታገድ ነው፤ ሦስተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ።